በደጋ የዘር ድንች ላይ ጥቁር ቅርፊትን በትራይኮደርማ መከላከል፦ የአንድ አምራች ማኅበር ጉዳይ

## ዳራ

ይህ ትራይኮደርማ በሚባል ጠቃሚ ፈንገስ ጥቁር ቅርፊት የሚባለውን የድንች በሽታ ለመከላከል የሞከረ የአንድ የዘር ድንች አምራች ማኅበር ጉዳይ ነው። ማኅበሩ የሚገኘው በአዊ ዞን፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍ ባለ ቀበሌ ውስጥ ነው። የሰዎቹንና የቀበሌውን ስም ሆን ብዬ ትቻለሁ። እኔ በጉዳዩ የገባሁት በሰብል ጥበቃ ባለሙያነት ነው።

አፈሩ ቀይና አሲዳማ ነው። ክረምቱ ረጅም፣ ሌሊቱ ብርድ ነው። ድንች በበልግም በመኸርም ይተከላል፤ ወንዝ በሚደርስበት ደግሞ በመስኖ ይደገማል። ማሳው ጠባብ ነው። አብዛኛው አባል ለድንች የሚመድበው ከአንድ ቃዳ፣ ማለትም ከሩብ ሄክታር አይበልጥም። በዚህ ስፋት ላይ ድንችን ለሦስት ዓመት ከማሳው አርቆ ገብስና ስንዴ ብቻ መዝራት ለመካሪ ይቀላል፣ ለሚኖርበት ሰው ግን ይከብዳል።

ማኅበሩ የሚያባዛቸው ዝርያዎች ጉደኔና በለጠ ናቸው። ሁለቱም የሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል ሥራዎች ሲሆኑ፣ ጉደኔ በ2006፣ በለጠ በ2009 እ.ኤ.አ. ተለቀቁ። ሌት ብላይት የሚባለውን የቅጠል በሽታ ከነባሮቹ ድንቾች በተሻለ ስለሚቋቋሙ ገበሬው ወዷቸዋል። ለዘር የሚሸጥ ድንች ለወጥ ከሚሸጠው የተሻለ ዋጋ ያወጣል፤ ዋጋው የሚቆረጠው ግን በገዢው ዓይን ነው። ገዢው ጆንያውን ይፈታል፣ እጁን ወደ መሃል ሰዶ ሁለት ሦስት ፍሬ ያወጣል፣ እያገላበጠ ያያል። እዚያ ላይ ካልወደደው ሌላ ክርክር የለም።

## ችግሩ

ከቆላማ ወረዳ የመጣ አንድ ደንበኛ ጭነቱን ከመሃል አስቆመው። በፍሬዎቹ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ አይቶ ነበር። የማኅበሩ ሰዎች ድንቹ የተቆፈረው ዝናብ ላይ ስለሆነ አፈር ይዞ ነው ብለው ተሟገቱ፤ ሰውየው ግን የተጫነውንም አራግፎ ሄደ። ማኅበሩ የጠራኝ ከዚህ በኋላ ነው።

መጋዘኑ ደጃፍ ላይ ስንነጋገር አንዲት አዛውንት አባል ፍሬውን አንሥተው አሳዩኝ። «ልጄ፣ ይኼ እኮ አፈር ነው። እኛ ድንች ሳናውቅ ቀርተን ነው?»

«እማማ፣ አፈር ከሆነማ ይታጠባል» አልኳቸው።

ውኃ በባልዲ ቀረበ። አፈሩ ወረደ፤ ጥቁሩ ግን ሲረጥብ ጭራሽ ጎልቶ ታየ። በጥፍር ሲፋቅ እየተቀረፈ ተነሣ፤ ከሥሩ ያለው ልጣጭ ደህና ነበር። እማማ አንዱን ፍሬ ጨርሰው ፋቁና «እህ» ብለው ዝም አሉ። ይህ ጥቁር ቅርፊት ነው። ለዚህ በሽታ ከዚህ የሚፈጥን የማሳ ላይ ምርመራ የለም፤ ዋጋውም አንድ ባልዲ ውኃ ነው።

ነጠብጣቡ ራይዞክቶኒያ ሶላኒ የሚባለው ፈንገስ ክፉ ጊዜ የሚያሳልፍበት ደረቅ ጓል ነው፤ በሙያው ስክለሮሺያ ይባላል። ድንቹን ለመብላት አያግድም። ጉዳቱ የሚመጣው ያ ፍሬ ለዘር ሲተከል ነው። እርጥበት ሲያገኝ ጓሉ ክር ያወጣል፤ ክሩ ገና ከመሬት ያልወጣውን ጉንቁል ጫፍ ያቃጥላል። ድንቹ ከጎኑ ሌላ ጉንቁል ያወጣል፣ እሱም ይመታል። ስለዚህ ማሳው እኩል አይበቅልም፤ አንዱ ጉልበት ሲደርስ ሌላው ገና አፈር ይሰነጥቃል። የተረፈው ግንድ ከአፈር በታች ቡናማ፣ ጎድጎድ ያለ ቁስል ይይዛል። ቅጠሉ የሠራው ምግብ በቁስሉ ምክንያት ወደ ታች መውረድ ሲያቅተው በግንዱ ብብት ላይ አረንጓዴ ትንንሽ ድንች ይንጠለጠላል። ክረምት ላይ ደግሞ የግንዱ ሥር በአመድማ ነጭ ሽፋን ይከበባል። ወደ ማሳ ስንወርድ እነዚህን ሁሉ አገኘን። ገበሬዎቹም ሁሉንም ያውቋቸዋል፤ የአንድ በሽታ ልዩ ልዩ መልኮች መሆናቸውን ነበር ያላወቁት።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ቀላል ነበር፤ ነገር ግን ሌሎች ሦስት ችግሮች አብረው ነበሩ። በቅጠሉ ላይ ሌት ብላይት አለ። በመጋዘኑ ውስጥ የሚጨማደድና ውስጡ ባዶ እየሆነ የሚደርቅ ድንች አለ፤ ይህ ፉዛሪየም በሚባል ሌላ ፈንገስ የሚመጣ ደረቅ ብስባሴ ነው። ከወንዙ አጠገብ ባለ አንድ ማሳ ደግሞ ተክሉ አረንጓዴ እንደሆነ በቀን ይጠወልጋል። የዚህን ግንድ ቆርጠን ንጹሕ ውኃ በያዘ ብርጭቆ ውስጥ አንጠለጠልነው፤ ጥቂት ደቂቃ ሳይቆይ ወተት የመሰለ ክር ቁልቁል ወረደ። ይህ አጠውልግ ነው፣ መንሥኤውም ባክቴሪያ ነው።

ማኅበሩ ለአራቱም የሚያውቀው መድኃኒት አንድ ነበር፦ ማንኮዜብ ያለበትን ፀረ ፈንገስ ቅጠል ላይ መርጨት። ለሌት ብላይት ይረዳል። ከመሬት በታች ላለው ራይዞክቶኒያ ግን አይደርስም፤ ለባክቴሪያው ደግሞ ቢደርስም አይሠራም።

## ትራይኮደርማ ለምን ተመረጠ

በሌሎች አገሮች የዘር ድንች ከመተከሉ በፊት የሚለብሳቸው ኬሚካሎች አሉ፤ በአካባቢው ሱቅ ግን አይገኙም ነበር። የሙቅ ውኃ ሕክምና በዚህ ብዛት ላለ ዘር የማይታሰብ ነው። አንድ የመንግሥት ቤተ ሙከራ ትራይኮደርማ የሚባለውን ጠቃሚ ፈንገስ በዱቄት መልክ እያባዛ ስለነበር ምርጫው ወደዚያ አዘነበለ።

ሁለቱ ፈንገሶች አዲስ ተዋዋቂዎች አይደሉም። ራይዞክቶኒያ ሶላኒን በድንች ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የገለጸው ጀርመናዊው ዩሊየስ ኪውን በ1858 ነው። ድንችን ወደ ኢትዮጵያ እንዳስገባ የሚነገርለት ሌላው ጀርመናዊ ዊልሄልም ሺምፐርም ይህን ያደረገው በዚያው በ1858 መሆኑ የሚገርም ግጥምጥሞሽ ነው። ትራይኮደርማ ስሙን ያገኘው ቀደም ብሎ በ1794 ሲሆን፣ የራይዞክቶኒያ ጠላት መሆኑን በ1932 ያሳየው ሪቻርድ ዌይንድሊንግ ነው። የአንዱ ክር በሌላው ክር ላይ ሲጠመጠምና ሲያሟሟው አየ።

አሠራሩ ከሞላ ጎደል እንዲህ ነው። ትራይኮደርማ በአፈርና በሥር ዙሪያ ቶሎ ይስፋፋል፤ ምግቡንም ቦታውንም ቀድሞ ይይዛል። ራይዞክቶኒያን ሲያገኝ ይጠመጠምበታል፤ የክሩን ግድግዳ የሚበሉ ኢንዛይሞች ያመነጫል፤ ውስጡን ይመጠምጠዋል። አንዳንድ ዓይነቱ ተቀናቃኙን የሚያዳክም ንጥረ ነገር ይለቃል፤ ተክሉም የራሱን መከላከያ እንዲያነቃ ይገፋፋዋል። ይህ ፈንገስ በሆዳምነቱ የታወቀ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በሰለሞን ደሴቶች የአሜሪካ ጦር የሸራ ድንኳኖችን ሲበላ የተገኘው ፈንገስ ከዚሁ ወገን ነው፤ ዛሬ ለኢንዱስትሪ ኢንዛይም የሚመረትበት ትራይኮደርማ ሪሴይ የእሱ ዘር ነው።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ ለማኅበሩ በግልጽ መነገር የነበረበት አንድ ነገር ነው፦ ትራይኮደርማ ጤነኛውን ይጠብቃል እንጂ የታመመውን አያድንም። ጉንቁሉ ከመመታቱ በፊት ቦታውን መያዝ አለበት። በስብሰባው ላይ ይህን ሳስረዳ የቅድሙ እናት ጣልቃ ገብተው «እርሾ ነው በለና! ሙቀት ካገኘ ይሠራል፣ ካረጀም ይሞታል» አሉ። ከዚያ በኋላ በማኅበሩ ውስጥ ዱቄቱን ማንም «መድኃኒት» ያለው አልሰማሁም፤ «እርሾው» ሆኖ ቀረ። አያያዙም ተለወጠ፤ መድኃኒት ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል፣ እርሾ ግን ይጠበቃል።

## የተወሰዱ እርምጃዎች

መጀመሪያ የመጣው ዘሩን መምረጥ ነው። ከእያንዳንዱ አባል ክምር ጥቂት ጥቂት ፍሬ እየተወሰደ ታጠበ። ጥቁር ቅርፊት የበዛበት ክምር ለምግብ ገበያ ወጣ፤ መጠነኛ ያለበት በእጅ ተለቀመ። ይህ ብዙ ቅሬታ አስነሣ። ለዘር ያስቀመጠውን በምግብ ድንች ዋጋ የሸጠ ሰው ቢቆጣ አይፈረድበትም። ሊቀመንበሩ የራሱን ክምር አስቀድሞ ባያስለቅም ኖሮ ሥራው እዚያው ይቆም ነበር ብዬ አምናለሁ።

የተመረጠው ዘር ብርሃን በሚገባው መጋዘን ውስጥ በቆጥ ላይ በስሱ ተዘረጋ፤ አጭር፣ ወፍራምና አረንጓዴ ጉንቁል እስኪያወጣ ተጠበቀ። የጎነቆለ ድንች ከመሬት ቶሎ ይወጣል። ራይዞክቶኒያ የሚያጠቃው ደግሞ ከመሬት በታች የዘገየውን ነው።

ዱቄቱ ሲደርስ ሕያው መሆኑ ተፈተነ። የተቀቀለና የቀዘቀዘ ሩዝ በንጹሕ የማርማላታ ብርጭቆ ውስጥ ይደረጋል፤ ከዱቄቱ ቁንጥር ይነሰነስበታል፤ በንጹሕ ጨርቅ ተሸፍኖ ምድጃ ባለበት ክፍል ጥግ ይቀመጣል። ሕያው ከሆነ በጥቂት ቀን ውስጥ ነጭ ጥጥ ያወጣና ወደ አረንጓዴ ይለወጣል። ይህ የንጽሕና ፈተና አይደለም፤ መሞቱን ወይም መኖሩን ብቻ ይናገራል። ለገበሬው ግን ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ይህን ማወቁ ብዙ ነው።

አጠቃቀሙ ሁለት መንገድ ነበረው። አንደኛው ዘሩን ማልበስ ነው። ለአንድ ኩንታል ዘር ግማሽ ኪሎ ገደማ ዱቄት በትንሽ ውኃ ተበጥብጦ ፍሬዎቹ በጥንቃቄ ተለወሱ፤ ጉንቁሉ እንዳይሰበር በሰፌድ ላይ እየተደረገ ነው። ከዚያ በጥላ ሥር ጠፈፍ አለና በዚያው ቀን ተተከለ። ሁለተኛው በኮምፖስት ማባዛት ነው። ለሄክታር 2.5 ኪሎ በሚለው መጠን መሠረት ለአንድ ቃዳ 600 ግራም ያህል ዱቄት በደንብ ከበሰበሰ ኮምፖስት ጋር ተቀላቀለ፤ ውኃ ተረጨበት፤ ዲከረንስ በሚባለው ዛፍ ጥላ ሥር በቅጠል ተሸፍኖ ሁለት ሳምንት ገደማ ተቀመጠ፤ በየጥቂት ቀኑም ተገላበጠ። ክምሩ ውስጥ አረንጓዴ ሻጋታ ሲታይ በቦዩ ውስጥ ተበተነ። ያልበሰበሰ ፍግ እንዳይገባ ተከለከለ፤ ራይዞክቶኒያ ራሱ ባልበሰበሰ ገለባና ፍግ ላይ ስለሚኖር ጠላትን መቀለብ ይሆናል።

አተካከሉም ተለወጠ። ርቀቱ የተለመደው 75 በ30 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ጥልቀቱ ግን ቀነሰ። አፈሩ በስሱ እንዲለብስ ተደርጎ፣ ተክሉ ከወጣ በኋላ በኩትኳቶ ወቅት አፈር እንዲታቀፍ ሆነ።

ለማነጻጸር ፈቃደኛ የሆኑ አባላት ማሳቸውን በካስማ ሦስት ቦታ ከፈሉ። በአንዱ እንደ ልማዳቸው ያልተለቀመ ዘር፣ በሁለተኛው የተለቀመ ዘር ብቻ፣ በሦስተኛው የተለቀመና ትራይኮደርማ የለበሰ ዘር ተከሉ። ይህ የምርምር ጣቢያ ሙከራ አይደለም፤ የተደጋገመ መደብም የሚለካ ክብደትም አልነበረውም። ስለዚህ ከዚህ በታች የምለው በዓይን የታየ ልዩነት ነው፤ ቁጥር የማላስቀምጠውም ለዚህ ነው።

## የሠራው

ትልቁ ልዩነት የታየው ባልተለቀመውና በተለቀመው ዘር መካከል ነው። ትራይኮደርማ ሳይነካው፣ ዘር መልቀምና ማጎንቆል ብቻውን ማሳውን እኩል አበቀለው። ይህን በመጀመሪያ የምጽፈው ጠቃሚ ፈንገስን ለሚሸጥም ለሚገዛም መነገር ያለበት እሱ ስለሆነ ነው።

ትራይኮደርማ በዚያ ላይ ሁለተኛ እርከን ጨመረ። በለበሰው መደብ ላይ ተክል ስንነቅል የግንዱ ሥር ነጣ ያለ፣ ቁስሉም ጥቂትና ጥልቀት የሌለው ነበር። በብብት ላይ የሚንጠለጠል አረንጓዴ ድንች ለማግኘት መፈለግ ያስፈልግ ነበር። ሲቆፈር ከታጠበው ድንች ውስጥ ጥቁር ቅርፊት ያለበት ከጎረቤቱ መደብ በግልጽ ያነሰ ነበር። በበልግ፣ አፈሩ ሞቅ ባለበት ጊዜ የተከሉት አባላት ልዩነቱን የበለጠ አዩ።

ኮምፖስቱና ዘር ማልበሱ አብረው የተደረጉበት ማሳ ዘር ማልበስ ብቻ ከተደረገበት የተሻለ ነበር። የሚያስገርም አይደለም፤ ራይዞክቶኒያ ከዘሩም ከአፈሩም ይመጣልና። ሆኖም ጉልበት ያጠረው ቤተሰብ አንዱን ብቻ ይምረጥ ከተባለ እኔ ዘር ማልበሱን እመርጥለታለሁ፤ ትራይኮደርማውን ጉንቁሉ ላይ ያስቀምጠዋል።

## ያልሠራው

አንድ አባል ዘሩን ሳይለቅም «እርሾው ይበቃዋል» ብሎ ቅርፊት የሞላበትን ድንች አለበሰ። ማሳው ካልተለቀመው መደብ የሚለይ ነገር አልነበረውም። እያንዳንዱ ፍሬ ጠላቱን በጀርባው አዝሎ ሲገባ ትራይኮደርማ የሚደርስለት ጊዜ የለም።

በክረምቱ ብርድ መሃል የተተከለው ማሳም ብዙ አልጠቀመም። ትራይኮደርማ በደንብ የሚያድገው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ሙቀት ነው፤ ከ15 በታች ሲሆን እጅግ ይዘገያል። ድንችን የሚያጠቃው የራይዞክቶኒያ ወገን ግን ብርድና እርጥበት ይስማማዋል። ስለዚህ በደጋ ውድድሩ ከመነሻው ለጠላት ያደላል። ለቆላ ሰብል የተጻፈ መመሪያን እንዳለ ወደ ደጋ ማምጣት ገንዘብ ማባከን የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። መፍትሔው መጠኑን መጨመር አይደለም፤ አፈሩ ሞቅ ሲል መትከል፣ ጥልቀት መቀነስና ጎንቁሎ የቆየ ዘር መጠቀም ነው።

ሌላ አባል «ለማረጋገጥ» ብሎ ከዱቄቱ ጋር በአንድ በርሜል ካርቤንዳዚም በጠበጠ። ካርቤንዳዚም ፀረ ፈንገስ ነው፤ ትራይኮደርማም ፈንገስ ነው። የሆነውን መናገር አያስፈልግም። በተቃራኒው ደግሞ «አሁንማ እርሾ አለን» ብለው የቅጠል ርጭቱን ሊያቆሙ የነበሩ ነበሩ። የሌት ብላይት መንሥኤ ፋይቶፍቶራ የሚባል፣ ፈንገስ ቢመስልም ከእውነተኛ ፈንገሶች የማይመደብ ተሕዋስ ነው፤ የሚያጠቃውም ከመሬት በላይ ነው። ስለዚህ የቅጠል ርጭቱ እንዲቀጥል ተደረገ። ርጭቱ ተክሉ ካደገ በኋላ በቅጠል ላይ የሚደረግ በመሆኑ ከአፈር በታች ካለው ሥራ ጋር አይጋጭም።

በወንዙ ዳር ያለው የአጠውልግ ማሳ ከዘር ማምረቻነት እንዲወጣ ተወሰነ። ባለቤቱ ትራይኮደርማ እንዲሰጠው ለመነ፤ አልተሰጠውም። ከባድ ውሳኔ ነበር። ነገር ግን አጠውልግ በዘር ይሄዳል፤ አንድ ጆንያ የሌላ ወረዳ ማሳ ይበክላል። ዝንጅብል አምራቾቻችን ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያጋጠማቸው የባክቴሪያ አጠውልግ ምን እንዳደረሰ የሚያስታውስ ሰው በዚህ ጉዳይ አይደራደርም።

አንድ ጊዜ የመጣ ዱቄት በሩዙ ፈተና ላይ ምንም አላበቀለም። በአይሱዙ ጭነት አናት ላይ በፀሐይ ተጉዞ፣ ከዚያም በአንድ ሱቅ መስኮት ላይ ሲሞቅ ከርሞ ነበር። ገንዘብ ያዡ «የተከፈለበት ነው፣ እንሞክረው» አለ፤ ሌሎቹ እምቢ ብለው ተጣለ።

ዱቄቱን በቤት ለማባዛት የሞከረ ወጣትም ነበር። ማሽላ ቀቅሎ በላስቲክ ከረጢት ውስጥ ከዱቄቱ ጨመረበት። ከረጢቶቹ አረንጓዴ፣ ቢጫና ጥቁር ሆኑ። ትራይኮደርማ አረንጓዴ ነው፤ አረንጓዴ የሆነ ሻጋታ ሁሉ ግን ትራይኮደርማ አይደለም። ቢጫ አረንጓዴውና ጥቁሩ አስፐርጂለስ ሊሆን ይችላል፤ ከዚህ ወገን አፍላቶክሲን የሚባለውን መርዝ የሚሠሩ አሉ። ከረጢቶቹ ሳይከፈቱ ተቃጠሉ። እህልን በእንፋሎት ግፊት በትክክል ሳያመክኑና ንጹሕ ክፍል ሳይኖር ይህን መሞከር አይመከርም። የወጣቱ ፍላጎት ግን ሊበረታታ የሚገባው ነው፤ በኋላ የኮምፖስቱን ክምር የሚከታተለው እሱ ሆነ።

በመጋዘን ያለውን ደረቅ ብስባሴ በተመለከተ ከቁፋሮ በኋላ ዱቄቱን መነስነስ የረዳ አይመስልም። ፉዛሪየም የሚገባው በቁስል ነው፤ ቁስሉን የሚያደርሰው ደግሞ ዶማው ነው። በጥንቃቄ መቆፈር፣ የተቆረጠውን ለይቶ በቶሎ መብላት፣ የቀረውን ጭረቱ እስኪጠግግ ድረስ ሳያንቀሳቅሱ ማቆየት ከዱቄቱ በላይ ሠራ።

## ያልተጠበቀው ጉዳይ፦ መሬቱ መጋዘን ሲሆን

በሁለተኛው ወቅት የሚያስጨንቅ ነገር ታየ። ዘሩን ለቅመው፣ አልብሰው፣ ኮምፖስቱን ጨምረው ሁሉን በሥርዓት ያደረጉ አንዳንድ አባላት ድንቻቸው ሲቆፈር በጥቁር ቅርፊት ተሸፍኖ ወጣ። ከጎናቸው ያለው ማሳ ንጹሕ ነበር። ዝርያው አንድ፣ ዘሩ አንድ፣ ዱቄቱ አንድ። ልዩነቱን ያገኘው የቀበሌው የልማት ሠራተኛ ነው፤ የተቆፈረበትን ጊዜ ጠየቀ።

በአካባቢው ድንች ከደረሰ በኋላ መሬት ውስጥ ይተዋል። ዋጋ እስኪወጣ ወይም ለምግብ እስኪፈለግ ድረስ ትንሽ በትንሽ ይቆፈራል። መጋዘን ለሌለው ቤተሰብ መሬት ነጻ መጋዘን ነው። ራይዞክቶኒያ ግን ጥቁር ጓሉን በብዛት የሚሠራው ልክ በዚህ ጊዜ ነው፤ ከላይ ያለው ግንድ ሞቶ ፍሬው በእርጥብ አፈር ውስጥ ሲቆይ። በቆየ ቁጥር ይጨምራል። ወቅቱን ሙሉ ትራይኮደርማ የሠራውን ሥራ የመጨረሻው መዘግየት አፈረሰው።

ምክሩ ቀላል ነበር፦ ድንቹ ሲደርስ ግንዱን ማጨድ፣ ልጣጩ እስኪጠና ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት መጠበቅ፣ ከዚያ ሳያዘገዩ መቆፈር። መፈጸሙ ግን ከበደ፤ የተቆፈረው ድንች የት ይቀመጥ? ስለዚህ የበሽታ መከላከል ሥራው ወደ አናጢነት ተለወጠ። ከባሕር ዛፍ አጣና፣ ጎኑ አየርና ብርሃን የሚያስገባ፣ ጣሪያው ፀሐይና ዝናብ የሚከለክል፣ ቆጥ በቆጥ ላይ የተደረደረበት መጋዘን ቤት ለቤት ተሠራ። ለአጣናው የወጣው ገንዘብ ለዱቄቱ ከወጣው ይበልጣል። ለእኔ የዚህ ጉዳይ ዋና ግኝት ይህ ነው፤ የፈንገስ በሽታ የመሰለው ነገር ግማሹ የመጋዘንና የዋጋ ጉዳይ ነበር። በሦስተኛው ወቅት በጊዜው የቆፈሩት አባላት ድንች ለገዢው ሲታጠብ ማንም አላፈረም።

## ወደ ሌላ ሰብልና ቦታ ሲወሰድ

ከዚህ ማሳ ውጭ የሚጠቅመው መጀመሪያ የምርመራው ቅደም ተከተል ነው። ማንኛውም ሥራሥር ሰብል ሲታመም ትራይኮደርማ ከመግዛት በፊት መንሥኤው ፈንገስ ነው ወይስ ባክቴሪያ፣ የሚመታውስ ከመሬት በታች ነው ወይስ ቅጠል ላይ ተብሎ ይጠየቅ። የብርጭቆው ውኃና የባልዲው ውኃ የጥያቄውን ትልቅ ክፍል ይመልሳሉ። የእንሰት አጠውልግ የባክቴሪያ ነው፤ ትራይኮደርማ አይመለከተውም። የጎደሬ ቅጠል በሽታ ከድንቹ ሌት ብላይት ጋር አንድ ወገን ነው፤ ዘር በማልበስ አይመለስም።

ተስፋ ያለው በሌላ በኩል ነው። በናይጄሪያ በተከማቸ ቦዬ ላይ የተደረጉ ጥናቶች ትራይኮደርማ ቪሪዴ ቀድሞ ሲቀባ ለአበስባሽ ፈንገሶች ቦታ እንደሚያሳጣቸው አሳይተዋል። በሕንድ ኬረላ የዝንጅብል ገበሬዎች ብስባሴን ለመከላከል ትራይኮደርማን ከኮምፖስት ጋር መጠቀም ከለመዱ ቆይተዋል፤ እዚያ ያለው ሞቃት አፈር ያግዛቸዋል። በእኛም አገር ዝንጅብል፣ ቦዬና ካሳቫ የሚበቅሉበት ቆላና ወይና ደጋ ከድንቹ ደጋ ይልቅ ለዚህ ፈንገስ የሚመች ነው። የካሳቫ ሥር ብስባሴ ግን ውኃ በሚያቁር ማሳ ላይ ስለሚብስ ከሁሉ በፊት ቦይ መቅደድ ይቀድማል።

ለማኅበራት የምመክረው የግዢ ሥርዓት ይህ ማኅበር የደረሰበትን ነው። ትእዛዙ ከመትከያው ጊዜ ጋር ተያይዞ ቀድሞ ይሰጣል። በከረጢቱ ላይ የተመረተበት ቀን ካልተጻፈ አይረከቡም። ጉዞው በማለዳ ወይም በማታ ነው፤ የመጨረሻው ክፍያ የሚፈጸመው ሩዙ አረንጓዴ ከሆነ በኋላ ነው። አቅራቢው መጀመሪያ ቅር ቢለውም በኋላ ተቀበለው።

በመጨረሻ፣ በከተማ አቅራቢያ ያሉ ማኅበራት ሊያውቁት የሚገባ ነገር አለ። ትራይኮደርማ ለድንች ወዳጅ ቢሆንም ለእንጉዳይ አምራች ቀንደኛ ጠላት ነው፤ የእንጉዳይ ከረጢቶችን የሚያበላሸው አረንጓዴ ሻጋታ እሱ ራሱ ነው። ከማኅበሩ አባላት የአንዱ ልጅ በጓሮ ክፍል ኦይስተር እንጉዳይ ታመርት ስለነበር የኮምፖስቱ ክምር ከቤታቸው ራቅ ወዳለ ቦታ ተዛወረ። ዱቄት የነካ ልብስና አካፋም ወደ እንጉዳዩ ክፍል እንዳይገባ ተደረገ።